ከአፍ ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ አልጋው ዳር ያለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1923 የሥነ ልቦና ትንተና መሥራች የሆነው ሲግመንድ ፍሮይድ፣ በ66 ዓመቱ፣ በቀኝ በኩል ላንቃው ላይ የበቀለ እባጭ ለማስቆረጥ ቪየና ውስጥ ወደሚገኝ ሆስፒታል ሄደ። ነገሩን አቅልሎ ስላየው ለቤተሰቡ እንኳ አልተናገረም፤ ተቆርጦለት ዕለቱን ወደ ቤቱ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት ግን ደሙ ከታሰበው በላይ ፈሰሰ፤ ሚስቱና ልጁ አና ተጠርተው ሲደርሱ ልብሱ በደም ተበክሎ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኙት። ከዚያም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሌላ በሽተኛ ጋር አስተኙት። እኩለ ቀን ላይ «የጥየቃ ሰዓት አይደለም» ተብሎ ቤተሰቡ ተሸኘ፤ እነሱ በሌሉበትም ቁስሉ እንደገና መድማት ጀመረ። የጥሪ ደወሉን ቢሞክር አልሠራም፤ ድምፅ አውጥቶ መጣራትም አልቻለም። ወጥቶ ሰው የጠራለት ያ አብሮት የተኛው፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት በሽተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ አና ከዚህ ንቅንቅ አልልም ብላ ሌሊቱን ሙሉ አልጋው ዳር ተቀምጣ አደረች።

ይህን ያነሣሁት ለሰውየው ዝና ብዬ አይደለም። በመቶ ዓመት ውስጥ ማደንዘዣውም፣ መስፊያ ክሩም፣ መድኃኒቱም ተለውጧል፤ አደጋው የሚመጣበት ሰዓት ግን ብዙም አልተለወጠም። ስለ አፍ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲወራ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ የሚጠይቀው «ኦፕራሲዮኑ እንዴት ሆነ?» ብሎ ነው፤ ሐኪሙ ወጥቶ «በደንብ አልቋል» ሲል እፎይ ይባላል። ቀዶ ሕክምናው የሚያስከትላቸው ችግሮች አብዛኞቹ ግን የሚመጡት ሐኪሙ ጓንቱን ካወለቀ በኋላ ነው፤ አንዳንዱ በሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዱ በሳምንቱ፣ አንዳንዱ ጨረር ሊጀመር ሲል፣ አንዳንዱም ሰው ሁሉ በሽታውን ከረሳው በኋላ፣ ከዓመታት ቆይቶ ይመጣል። በእያንዳንዱ ጊዜ አልጋው ዳር ያለው ሰው የተለያየ ነው፤ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ አስታማሚ፣ ከዚያ የጨረር ሐኪም፣ በመጨረሻም ስለ ታሪኩ ምንም የማያውቅ የሰፈር ጥርስ ሐኪም። የሕክምናው ውጤት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው።

የጉዳዩን ስፋት ለማሳየት ያህል፣ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2022 ባወጣው ግምት በዓመቱ ወደ 390 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ውስጥ ካንሰር ተይዘዋል፤ ወደ 188 ሺህ የሚሆኑ ደግሞ ሞተዋል። ከሕሙማኑ ሲሶ ያህሉ የሚገኙት በሕንድ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ የሚታኘከው ትንባሆና የአሬካ ፍሬ ነው። በሌላው ዓለም ዋናዎቹ ምክንያቶች ማጨስና አልኮል ሲሆኑ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳታቸው ከድምራቸው ይበልጣል። ወደ እኛ አካባቢ ስንጠጋ በሱዳን ቶምባክ፣ በየመንና በደቡብ ሳዑዲ ሻማ የሚባሉት ጥርስና ከንፈር መካከል የሚያዙ የትንባሆ ዓይነቶች ከዚሁ ካንሰር ጋር የታወቀ ግንኙነት አላቸው። ሕንድ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ሌላም ትርጉም አላት፤ አቅም ያለው ወይም ዘመድ አዝማድ ያዋጣለት ሕመምተኛ ለቀዶ ሕክምና ከሚሄድባቸው አገሮች አንዷ ናት። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ።

አፍ ለቀዶ ሕክምና አስቸጋሪ ቦታ ነው። ሆድ ወይም እግር ተቀዶ ሲሰፋ ቁስሉ ይሸፈናል፣ ያርፋል። አፍ ውስጥ የተሰፋ ቁስል ግን ቀኑን ሙሉ ምራቅ ይታጠበዋል፣ በጀርም የተሞላ ነው፣ ምላስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይለጠጣል፤ ትንፋሽ፣ ምግብና ንግግርም በዚያው በር ያልፋሉ። በዚያ ላይ ከፍ ባለ ደረጃ የደረሰ ካንሰር ሲሆን ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምና ክፍል የሚወጣው ሦስት ቁስል ይዞ ነው። አንደኛው ዕጢው የወጣበት አፉ ነው። ሁለተኛው ንፍፊቶቹ የተለቀሙበት አንገቱ ነው። ሦስተኛው ደግሞ የጎደለውን ምላስ ወይም መንጋጋ ለመሙላት ሥጋ፣ ቆዳ ወይም አጥንት የተወሰደበት ክንድ፣ እግር ወይም ደረት ነው።

ስለ አንገቱ ብዙ ቤተሰብ ቅሬታ ያነሣል። «ያበጠው ምላሱ ነው፤ አንገቱን ለምን ቀደዱት?» ይላሉ። መልሱን በግልጽ ያሳየው ሙምባይ ከሚገኘው ታታ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጥናት ነው። በአንገታቸው ላይ ምንም እብጠት ሳይታይ ንፍፊታቸው አብሮ ከወጣላቸው ሕሙማን መካከል ከሦስት ዓመት በኋላ 80 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ እብጠት እስኪታይ ድረስ አንገታቸው ሳይነካ ከቆዩት መካከል ግን 67.5 በመቶው ብቻ። ስለዚህ አንገቱ የሚከፈተው ለሕይወት ነው። ዋጋው ደግሞ በነርቮች ይከፈላል። ትከሻን ከፍ የሚያደርገው ነርቭ ሲነካ ትከሻው ይወድቃል፣ ክንድ ከፍ አይልም፤ ጋቢ መደረብ፣ ነጠላ ማጣፋት፣ ፀጉር ማበጠር ሁሉ ትግል ይሆናል። ከመንጋጋ ሥር የሚያልፈው ቀጭን ነርቭ ሲጎዳ የታችኛው ከንፈር በአንድ በኩል ይንሻፈፋል። የእነዚህ ነርቮች ጉዳት ብዙ ጊዜ በመጎተት የሚመጣ ስለሆነ በወራት ውስጥ ሊሻሻል ይችላል፤ ትከሻው ግን ፊዚዮቴራፒ በጊዜ ካልተጀመረለት ነርቩ ቢያገግም እንኳ መጋጠሚያው ደርቆ ይቀራል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

የአፍ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ምላሱና ጉሮሮው ስለሚያብጡ ትንፋሽ እንዳያጥረው ብዙ ጊዜ አንገቱ ላይ የአየር ቧንቧው ተከፍቶ ትራኪዮስቶሚ የሚባለው ቱቦ ይገባለታል። ይህ ቱቦ የሚያድነውን ያህል ጥንቃቄ ይጠይቃል። አክታው ደርቆ ቱቦውን ሊደፍነው ይችላል፤ ከተደፈነ ደግሞ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። አክታ የሚስበው ማሽን ከአልጋው አጠገብ መሆን አለበት፣ መሥራቱም በየፈረቃው መሞከር አለበት፤ መብራት ሲጠፋ በእግር የሚረገጥ መሳቢያ ካለ የት እንደተቀመጠ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ቱቦ የገባለት ሰው ድምፅ የለውም። «እየታፈንኩ ነው» ብሎ መናገር አይችልም። የፍሮይድ ደወል አለመሥራቱ ያን ያህል ከባድ የሆነው ለዚህ ነው። መጻፍ ለሚችል ወረቀትና ብዕር፣ መጻፍ ለማይችል ደግሞ የአልጋውን ብረት የሚመታበት ማንኪያ እጁ ላይ ማኖር ምንም ወጪ የለውም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ምሽት ተቀምጦ «አንድ ጊዜ ስትመታ ይህን፣ ሁለት ጊዜ ስትመታ ያን ማለትህ ነው» ብሎ መስማማት ሲቻል፣ አብዛኛው ሕመምተኛ ድምፁ እንደሚጠፋ የሚያውቀው ሲነቃ ነው።

ሁለተኛው የሰዓታት ጉዳይ ፍላፕ የሚባለው፣ ከሌላ የሰውነት ክፍል ተወስዶ የተተከለው ሥጋ ነው። ለምላስ ብዙ ጊዜ ከክንድ ውስጠኛ ክፍል ስስ ቆዳ ይወሰዳል፤ ለመንጋጋ ደግሞ ከቅልጥም ጎን ያለው ቀጭን አጥንት ከነደም ሥሩ። ሐኪሙ ስፋታቸው ጥቂት ሚሊሜትር የሆኑ ደም ቅዳና ደም መልስ በማይክሮስኮፕ እያየ ከአንገት የደም ሥሮች ጋር ይሰፋቸዋል። ልምድ ባላቸው ማዕከላት ከመቶ 95 ያህሉ ይይዛል። የማይይዘው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ ደም ሥሩ በረጋ ደም ሲዘጋ ነው፤ ከሁለቱም ቶሎ የሚዘጋው ደም መልሱ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ሕመምተኛው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመልሶ ሥጋው ሊተርፍ ይችላል፤ ጥቂት ሰዓታት ካለፉ ግን ሥጋው ይሞታል።

እንግዲህ ያንን የሚያየው ማነው? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተረኛ የሆነች ነርስ ናት። በመጀመሪያው ቀን በየሰዓቱ የእጅ ባትሪ ይዛ የሕመምተኛውን አፍ ታስከፍታለች፣ የተተከለውን ቆዳ በጣቷ ተጭና ትለቃለች፣ ደሙ ተመልሶ እስኪሞላ ትቆጥራለች። ወዲያውኑ ከሞላና ቦታው ካበጠ ደሙ መግቢያ አለው፤ መውጫ ግን አጥቷል ማለት ነው፤ ቀዝቅዞ ከገረጣ መግቢያው ተዘግቷል። እዚህ ላይ የመማሪያ መጻሕፍት ብዙም የማይሉት ነገር አለ። በፎቶግራፎቹ የሚታየው «ጤነኛ ፍላፕ» ሮዝ ነው፤ «የታፈነው» ሰማያዊ ነው። ከጠቆረ ክንድ የተወሰደ ቆዳ ግን ሮዝም ሰማያዊም ሆኖ አይታይም። ቀለሙን ብቻ ጠብቆ የሚቀመጥ ሰው ሥጋው ከሞተ በኋላ ነው የሚነቃው። ስለዚህ በእኛ ቆዳ ላይ ብይኑ የሚሰጠው በቀጭን መርፌ ነው። ጫፉ ተወግቶ ቀይ ደም ቀስ ብሎ ጠብ ካለ ደህና ነው፤ ጥቁር ደም ቸኩሎ ከፈሰሰ ደም መልሱ ተዘግቷል፤ ምንም ካልወጣ ሐኪሙ ይቀስቀስ። ያንን ሐኪም በሌሊት ለመቀስቀስ የማትፈራ ነርስ የምትሠራበት ክፍል ከየትኛውም ውድ መሣሪያ የበለጠ ፍላፕ ያድናል የሚል እምነት አለኝ።

ማይክሮስኮፑና ሌሊቱን ሙሉ የሚከታተል ቡድን በሌለበት ብዙ ሐኪሞች የሚመርጡት ከደረት ጡንቻ የሚገለበጠውን ፍላፕ ነው። ደም ሥሩ ሳይቆረጥ ከደረት ወደ አንገት ተዘዋውሮ ስለሚገባ ስፌት የሚፈልግ ደም ሥር የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ከተገለጸ ጀምሮ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ጉድለቱ መወፈሩ ነው፤ በወንዶች ደግሞ አፍ ውስጥ ፀጉር ያበቅላል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ከወራት በኋላ ሲደነግጥ መፍረድ አይቻልም።

ሳምንቱ

በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል አንዳንድ ሕሙማን ላይ ያልታሰበ ነገር ይታያል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ያልባቸዋል፣ ግድግዳ ላይ ነገር ያያሉ፣ ቱቦውን ነቅለው ለመነሣት ይታገላሉ። ቤተሰብ «ማደንዘዣው አእምሮውን ነካው» ወይም «መንፈስ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የዓመታት አረቄ በድንገት መቋረጡ ነው። አልኮል ከበሽታው መንሥኤዎች አንዱ እንደመሆኑ ይህ በአፍ ካንሰር ሕሙማን ዘንድ እንግዳ አይደለም፤ አስቀድሞ ከታወቀም በመድኃኒት መከላከል ይቻላል። የሚታወቀው ግን ሕመምተኛው እውነቱን ሲናገር ነው፤ ልጆቹና የነፍስ አባቱ አጠገቡ ቆመው «ትጠጣለህ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልሱ ይታወቃል። ሐኪሙ ይህን ጥያቄ ከሕመምተኛው ጋር ለብቻ ሆኖ መጠየቅ አለበት። ሲጋራም እንደዚሁ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያንስ አራት ሳምንት ያቆመ ሰው ቁስሉ የተሻለ ይሽራል።

ምግብን በተመለከተ በሆስፒታሎቻችን ሙሉው ሸክም የአስታማሚ ነው። ስፌቱ እስኪጠነክር በአፍ የሚገባ ነገር ስለሌለ ነርሶች ኤንጂ ቲዩብ የሚሉት ቱቦ በአፍንጫ አልፎ እስከ ጨጓራ ይወርዳል። እህት ወይም ሚስት አጥሚት ሠርታ በፔርሙስ ታመጣለች። አጥሚቱ ይወፍርና በቱቦው አልወርድ ይላል፤ ስለዚህ ውኃ ትጨምርበታለች። አሁንም ይዘገያል፤ ደግማ ታቀጥነዋለች። በመጨረሻ በሲሪንጁ ውስጥ ያለ ችግር የሚወርደው ከእህሉ ይልቅ ውኃው የሚበዛበት ነገር ነው። ሕመምተኛው በየሦስት ሰዓቱ «ይበላል»፣ ሆዱም ይሞላል፣ ግን ይራባል፤ በተራበ ሰውነት ላይ ደግሞ ስፌት አይይዝም። በሰፊ ማጥለያ የተጠለለ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ የለውዝ ቅቤና ዘይት የገባበት ቀጭን ምግብ ብዙ ጉልበት ይይዛል። ጾም ከሆነ ቤተሰብ ያመነታል፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ምን እንደምትፈቅድ የነፍስ አባቱን ጠርቶ በዚያው ክፍል ማነጋገር ከነርስ ምክር በላይ ሲሠራ ይታያል። በተቃራኒው ደግሞ ለሳምንታት መዋጥ አቅቶት የከሳ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ከተጫነበት በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ድንገት ወርደው ልቡን ሊያውኩት ይችላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠን ቀስ በቀስ የሚጨምር መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ሲመገብ ራሱ ከፍ ማለት አለበት፤ ከበላም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያው መቆየት ይኖርበታል። ጠፍጣፋ ተኝቶ የተመገበ ሰው የወጣው ምግብ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣበታል። በሦስተኛው ቀን «ከንፈሩ ደረቀ» ብሎ አዝኖ በማንኪያ ውኃ ወይም ጠበል የሚያቀምስ ሰውም በቅን ልቡ ያንኑ አደጋ ነው የሚጠራው። ጠበሉን ግንባሩ ላይ መርጨት ምንም አያደርግም፤ በጉሮሮ ሲሆን ነው ችግሩ።

ከአምስተኛው ቀን አንሥቶ እስከ አሥረኛው ድረስ የሚፈራው ፊስቱላ ነው። ይህ ቃል ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ወዲያው የወሊድ ፊስቱላን ያስታውሳል፤ ነገሩም አንድ ነው፣ መገናኘት የሌለባቸው ሁለት ቦታዎች ቀዳዳ ተፈጥሮ መገናኘታቸው ነው። እዚህ የሚገናኙት የአፍ ውስጥና የአንገት ቆዳ ናቸው። ስፌቱ በአንድ ቦታ ይላቀቅና ምራቅ ወደ አንገት ይወርዳል፤ አንገቱ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ከዚያም ያቺ ቀጭን፣ የምታዳልጥ ፈሳሽ በፋሻው ላይ ትታያለች። አብዛኛው በቁስል እንክብካቤና በጥሩ ምግብ በሳምንታት ውስጥ ይዘጋል። ቀድሞ ጨረር የወሰደ አንገት ላይ ግን ይከብዳል፤ ምራቁ ወደ አንጎል የሚወጣውን ትልቁን ደም ቅዳ፣ ካሮቲድን፣ እየበላ ሊያፈነዳው ይችላል። ታዋቂው አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት እ.ኤ.አ. በ2006 መንጋጋው በካንሰር ምክንያት ከተቀደደ በኋላ ይህ አጋጥሞታል፤ ደም ቅዳው የፈነዳው ከሆስፒታል ሊወጣ ዕቃው ተሰብስቦ ሳለ ነበር። ጥቂት ዘግይቶ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ አይተርፍም ነበር። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ አንገት የሚወጣ ትንሽ ቀይ ደም፣ በራሱ ቢቆምም እንኳ፣ «ቆመ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በግራ አንገት ላይ ደግሞ የሆድን ቅባት ወደ ደም የሚወስድ ቀጭን ቱቦ አለ። እሱ ከተነካ በአንገቱ ማፍሰሻ ጠርሙስ ውስጥ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይታያል፤ የሚታየውም ቅባት ያለው ምግብ በተጀመረ በማግሥቱ ነው። ያኔ ወተቱና ቅቤው ለጊዜው ይቆማል።

ስድስት ሳምንት

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሥቃይና ወጪ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ሕይወትን የሚነካው ክር ሌላ ቦታ ነው። ከፍ ባለ ደረጃ ላይ ያለ የአፍ ካንሰር በቀዶ ሕክምና ብቻ አይታከምም፤ የቀሩትን ሕዋሳት ለመግደል ብዙውን ጊዜ በ30 ቀጠሮ፣ በስድስት ሳምንት ውስጥ የሚያልቅ የጨረር ሕክምና ይከተላል። ያ ጨረር መጀመር ያለበት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በስድስት ሳምንት ውስጥ ነው፤ በዘገየ ቁጥር በሽታው የመመለስ ዕድሉ ይጨምራል። ፊስቱላው ያልተዘጋ፣ ቁስሉ ያልሻረ፣ ክብደቱ የቀነሰ ሰው ደግሞ ጨረር ሊጀምር አይችልም። በቀጠነ አጥሚት የጠፋው ጉልበት፣ ሳይታወቅ ያደረው ኢንፌክሽን፣ ሌሊት ያልታየው ፍላፕ፣ ሁሉም እዚህ ስድስተኛ ሳምንት ላይ ተደምረው ይመጣሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ በዚህ ላይ ወረፋ ይጨመራል። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ያሉ ማዕከላት ሥራ ጀምረዋል፤ ይሁንና ከሕመምተኛው ብዛት ጋር ሲታይ ወረፋው በወራት የሚቆጠርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለሆነም የጨረር ቀጠሮ የሚያዘው ቁስሉ ሲድን ሳይሆን የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲቆረጥ መሆን ነበረበት። ሁለቱን ክፍሎች አንድ ስብሰባ ላይ የሚያስቀምጥ አሠራር ባለበት ሆስፒታል ይህ ይሆናል። በሌለበት ግን ሕመምተኛው የላብራቶሪ ወረቀቱን ይዞ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው እየተመላለሰ ስድስቱ ሳምንታት ያልፋሉ።

ጥርስም እዚህ ላይ ይነሣል። የተበላሹ ጥርሶች መነቀል ያለባቸው ከጨረሩ በፊት ነው፤ ድዱም እስኪሽር ሁለት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ዕድሉ የሚገኘው በዚያው ቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ ነው፤ ያኔ ካልተነቀሉ ወይ ጨረሩን ያዘገያሉ፣ ወይ ቆይተው አደጋ ይሆናሉ።

ዓመታቱ

ፍሮይድ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በሌላ ሐኪም፣ በቪየናው ሐንስ ፒህለር፣ ሰፋ ያለ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የላንቃውና የላይኛው መንጋጋው ክፍል ወጣ። አፉንና አፍንጫውን የሚለየው ግድግዳ ስለጠፋ ቀዳዳውን የሚደፍን ሰው ሠራሽ ላንቃ ተሠራለት። ሲያጠብቁት ያቆስለዋል፣ ሲያላሉት ምግቡ በአፍንጫው ይመጣል፣ ንግግሩም ይጠፋል። «ጭራቁ» ብለው ሰየሙት፤ በየቀኑ አውጥታ የምታጥብለትና የምትመልስለት አና ነበረች። የቀኝ ጆሮው መስማት ስላቆመ ሕሙማኑን የሚያዳምጥበትን ወንበርና አልጋ ቦታ ለወጠ። አፉ አልከፈት ሲለው በልብስ መቆንጠጫ መንጋጋውን ፈልቅቆ ሲጋራውን ያገባ ነበር ይባላል፤ ሲጋራውን አላቆመም። በ16 ዓመታት ውስጥ ከ30 በላይ ጊዜ ተቀደደ።

የአፍ አለመከፈት ዛሬም ከቋሚዎቹ ችግሮች አንዱ ነው። ጤነኛ ሰው ሦስት ጣቱን ደራርቦ ጥርሱ መካከል ማስገባት ይችላል፤ ከ35 ሚሊሜትር በታች ከሆነ አፉ ተዘግቷል ይባላል። ጨረሩ ጡንቻውን ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ልምምዱ መጀመር ያለበት ገና ሳይደርቅ፣ ቁስሉ እንደሻረ ነው። ሐኪም ምላስ የሚጫንባቸውን ስስ እንጨቶች ደራርቦ በቀን ብዙ ጊዜ መንጋጋ መካከል ማስገባትና በየሳምንቱ አንድ መጨመር ርካሽ ዘዴ ነው፤ የሚያቅተው የሚያስታውስ ሰው ማጣቱ ነው።

ንግግር በእኛ ቋንቋ የራሱ ጣጣ አለው። ከምላስ ጫፍ ሲቆረጥ ተ፣ ደ፣ ነ፣ ለ፣ ረ ይዘባረቃሉ። ከምላስ ሥር ሲሆን ከ እና ገ ይጎዳሉ። ላንቃው የተነካ ሰው ደግሞ ትንፋሹ በአፍንጫ ስለሚያመልጥበት ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸን ለማፈንዳት የሚያስፈልገውን የታመቀ አየር አፉ ውስጥ መያዝ ያቅተዋል፤ «ጠጣ» ማለት እንኳ ይከብደዋል። የንግግር ሕክምና መልመጃዎች በብዛት የተዘጋጁት እነዚህ ድምፆች ለሌሉባቸው ቋንቋዎች ነው፤ በአማርኛ ለሚናገር ሕመምተኛ በራሱ ፊደል የተዘጋጀ መልመጃ ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ሆኖም የሚያስፈልግ ሥራ ነው።

መብላትም እንደ ድሮው አይሆንም። የደነዘዘ ከንፈርና ምላስ የቡናውን ሙቀት አያውቅም፤ ሰው ራሱን ያቃጥላል። ምራቅ ሲደርቅ በርበሬ እሳት ይሆናል፣ ቆሎ ይረሳል፣ ገንፎ እንኳ ላንቃ ላይ ይጣበቃል። እንጀራ በመረቅ ርሶ ይወርዳል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው፣ አንዳንዴም በከንፈር ጥግ ይፈስሳል። ስለዚህ ሰውየው ከመሶቡ ይርቃል፣ «በልቻለሁ» ይላል፣ ከማኅበርና ከለቅሶ ቤት ይቀራል። ይህ ብቸኝነት በሕክምና ካርድ ላይ እንደ ችግር አይጻፍም፤ ክብደቱ ሲቀንስ ግን ሐኪሙ ምክንያቱን ኤንዶስኮፒ ውስጥ ይፈልጋል።

በጨረር የተመታ መንጋጋ ደም አቅርቦቱ ይቀንሳል፤ ከዓመታት በኋላም አንድ ጥርስ ቢነቀል ቦታው አልሽር ብሎ አጥንቱ ተጋልጦ ሊሞት ይችላል። ሕመምተኛው ደህና ከሆነ ቆይቷል፤ ጥርሱን ሲያመው ሰፈሩ ወዳለ ክሊኒክ ጎራ ይላል፣ ጥርስ ሐኪሙም አይጠይቅም፣ እሱም አይናገርም። ቆይቶም ያልሻረው ቁስል ካንሰሩ ተመልሶ ይሁን ወይስ የሞተ አጥንት ይሁን ለመለየት ናሙና መውሰድ ግድ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በሽታው የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ «የቆየ ቁስል ነው» የሚል ግምት አደገኛ ነው።

ውጭ ታክሞ ለሚመለስ ሰው ይህ ሁሉ በእጥፍ ይከብዳል። ደልሂ ወይም ቼናይ ሄዶ የተቀደደ ሰው ቪዛውና ገንዘቡ ሲያልቅ፣ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ውስጥ፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ እንዳለ ይመለሳል። ፊስቱላው አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሲከፈት የሚያየው ሐኪም ደም ሥሩ ከየትኛው ጋር እንደተሰፋ አያውቅም፤ የትኛው ንፍፊት እንደወጣ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ነጻ መሆን አለመሆኑን፣ ጨረሩ ተሰጥቶ ከሆነም መጠኑን አያውቅም። ቤተሰቡ ይዞ የሚመጣው ደረሰኙንና የመድኃኒት ዝርዝሩን ነው። ከመመለሱ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን የቀዶ ሕክምናው ሙሉ ማስታወሻ፣ የፓቶሎጂ (የወጣው ሥጋ ምርመራ) ውጤትና የጨረሩ መዝገብ ነው፤ ሦስቱም የሕመምተኛው መብት ናቸው፣ ሲጠየቁም ይሰጣሉ።

ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በጁን 1938 ከናዚዎች ሸሽቶ ለንደን ሲገባ ዕድሜው 82 ነበር፤ በሴፕቴምበር ወርም ዕጢው ተመልሶ እንደገና መቀደድ አስፈለገው። ለንደን ውስጥ ሐኪም ጠፍቶ አይደለም፤ ነገር ግን ያንን አፍ ለ15 ዓመታት ያወቀውና እያንዳንዱን ጉብኝት በማስታወሻ የያዘው ፒህለር ስለነበር፣ ከቪየና ተነሥቶ ለንደን ድረስ መጥቶ ቀደደው፤ በቀጣዩ ቀንም ወደ አገሩ ተመለሰ።